ፈጣኑ ዲስክና የተቆለፈው ፍላሽ፦ ለጎንደር ቤትና ቢሮ የሚሆኑ ማከማቻዎች ግምገማ

በጎንደር ፒያሳና በአራዳ ዙሪያ ካሉ የኮምፒዩተር ዕቃ መሸጫዎች ማከማቻ ሊገዛ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ነው? ዋጋውስ?» ብሎ ነው። ሻጩም «ኦርጅናል ነው ጋሼ፣ አያስቡ» ይላል፤ ግብይቱም በዚያው ያልቃል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኋላ ሊነሡ የሚገባቸውን ነው፦ ዕቃው ምን ያህል ይፈጥናል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ደግሞ ውስጡን ማን ሊያነብበው ይችላል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የኤስኤስዲ (በሚሽከረከር ሳሕን ፈንታ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ጉዳዮች ሲሆኑ ሦስተኛው የምስጠራ፣ ማለትም መረጃን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎ የመለወጥ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ግን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚያያቸው፣ ውድ ኤስኤስዲ የገዛው መረጃው ከሰው ዓይን የተሰወረ ይመስለዋል፤ ምስጠራ ያለው ፍላሽ የገዛው ደግሞ ፋይሉ ከመጥፋት የዳነ ይመስለዋል። ሁለቱም ግምቶች ስሕተት ናቸው።

የገመገምኳቸው ዕቃዎች አራት ናቸው፦ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገጠሙት ኪንግስተን ኤ400 እና ሳምሰንግ 870 ኢቮ፣ በኪስ የሚያዘው ሳምሰንግ ቲ7፣ እንዲሁም በራሱ ላይ የቁጥር መምቻ ያለው ኪንግስተን አይረንኪ ኪፓድ 200። ከጎናቸው ተጨማሪ ዕቃ መግዛት የማይጠይቁትን የምስጠራ ፕሮግራሞች፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ቢትሎከር ቱ ጎ እና ነጻውን ቬራክሪፕት አስቀምጫለሁ፤ አንድ ባለቢሮ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያለው ኮምፒዩተር ምን ሊሠራለት እንደሚችል ማወቅ አለበትና። ሥራዬ ለግል ክሊኒኮች፣ ለሒሳብ ባለሙያዎችና ለፎቶ ቤቶች ኮምፒዩተር መትከልና መጠገን ስለሆነ፣ መመዘኛዬም የእነርሱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፦ መብራት ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይታመንም፣ ፍላሹም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የማያውቁት ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል።

ከውስጣዊው እንጀምር። ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚያኖረው በሚሽከረከር ሳሕን ላይ ስለሆነ፣ የሚፈለገው ፋይል እስኪገኝ ድረስ አንባቢው ክንድ መንቀሳቀስ፣ ሳሕኑም መዞር አለበት፤ በላፕቶፕ ዲስኮች ይህ በእያንዳንዱ ፍለጋ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መረጃው በቺፕ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክፍሎች በኤሌክትሪክ ሙሌት መልክ ስለሚቀመጥ ፍለጋው የአንድ ሚሊሰከንድ ክፍልፋይ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ዊንዶውስ ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረ የተማሪ ላፕቶፕ፣ ፕሮሰሰሩም ራሙም ሳይነካ፣ ዲስኩ ብቻ ሲቀየር ሌላ ማሽን የሚመስለው። በማራኪና በቴዎድሮስ ካምፓስ ተማሪዎች እጅ ያሉት አሮጌ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው አዲስ ኮምፒዩተር ሳይሆን ይህ ለውጥ ነው።

ኪንግስተን ኤ400 ለዚህ ዓይነቱ ሰው በቂ ነው። የ240 ጊጋባይቱ ሞዴል በአምራቹ መግለጫ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያነብባል፣ 350 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኝበት ሳታ የተባለው መስመር ራሱ ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለማያሳልፍ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ቁጥር በዚህ ዓይነት ዲስክ ማሸጊያ ላይ ከታየ መጠርጠር ተገቢ ነው። ዋስትናው የ3 ዓመት ሲሆን፣ በዕድሜው ሊጻፍበት የሚችለው ጠቅላላ መጠን 80 ቴራባይት ተብሎ ተቀምጧል። ይህ ቁጥር ሰውን ያስፈራል፤ «ያልቃል ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። አዎን፣ ያልቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው 80 ቴራባይቱን ለመጨረስ 4,000 ቀን፣ ማለትም 11 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል፤ ጽሑፍ የሚጽፍና ድረ ገጽ የሚያይ ተማሪ ደግሞ የዚያን ግማሽም አይጽፍም።

የኤ400 ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ድራም የተባለ የራሱ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ የለውም፤ ብዙ ጊጋባይት ያለው ፋይል በተከታታይ ሲጻፍበት መጀመሪያ በፍጥነት ይቀበልና ጊዜያዊ ቋቱ ሲሞላ ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል። ለቪዲዮ አርታኢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእርሱ 870 ኢቮ ይሻላል፦ በሰከንድ 560 ሜጋባይት ያነብባል፣ 530 ይጽፋል፤ የ250 ጊጋባይቱ የመጻፍ አቅም 150 ቴራባይት፣ የ1 ቴራባይቱ ደግሞ 600 ቴራባይት ሲሆን ዋስትናውም 5 ዓመት ነው። የማንበብ ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ልዩነቱን ሻጭ ቤት ውስጥ ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ቀጫጭን ኤስኤስዲዎች ከሁለቱም ብዙ እጥፍ ይፈጥናሉ፤ ይሁንና ላፕቶፑ መሰኪያው እንዳለው ሳያረጋግጡ መግዛት ዕቃውን ወደ ሱቅ መመለስ ስለሚያስከትል በዚህ ላይ አልቆይም።

መብራትን በተመለከተ ግን መቆየት ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ የትኛው ፋይል በየትኛው ቺፕ፣ በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚመዘግብበት የውስጥ ሰንጠረዥ አለው፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ቀድሞ እንዳያረጅ መረጃውን ሳያቋርጥ ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውር ሰንጠረዡም በየጊዜው ይለዋወጣል። ለትላልቅ ሰርቨሮች የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ኃይል በድንገት ቢቋረጥ የጀመሩትን ጽፈው እስኪጨርሱ የሚያቆያቸው ካፓሲተር አላቸው፤ እዚህ የገመገምኳቸው የቤት ዕቃዎች ግን ይህ የላቸውም። ሰንጠረዡ በተበላሸ ጊዜ መረጃው ቺፑ ላይ ቢኖርም፣ መዝገቡ እንደ ተቃጠለበት ቤተ መጻሕፍት፣ የትኛው የት እንዳለ የሚናገር የለም። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ያንኳኳል፣ ይዘገያል፤ ኤስኤስዲ ግን ማታ ሠርቶ ጠዋት ላይነሣ ይችላል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አደጋው ያነሰ ነው። በዴስክቶፕ የሚሠራ ቢሮ ግን ኤስኤስዲ ከመግዛቱ በፊት ወይም አብሮ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዛ፤ ከዩፒኤስና ከትልቁ ኤስኤስዲ አንዱን ምረጥ ብባል ዩፒኤሱንና ትንሹን ኤስኤስዲ እመርጣለሁ።

ስለ ከፍታ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በእኛ አካባቢ ግን ዋጋ ያለው ጥያቄ ነው። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ከሳሕኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ስለሆነ፣ አምራቾች ለአብዛኛው የቤት ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3,050 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከተማ ከዚህ በታች ስለሆነች አያሰጋትም፤ ከደባርቅ አልፎ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደ ግጭ ወይም ወደ ጨነቅ ለሚወጣ ተመራማሪ ወይም ፎቶ አንሺ ግን ሁለቱም ሰፈሮች 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸውና ሃርድ ዲስኩ ከተሠራበት ወሰን ውጪ ይሆናል። መንገዱ የሚያንገጫግጨው ሳይቆጠር። ኤስኤስዲ አየርም ስለማያስፈልገው፣ የሚንገጫገጭ ክንድም ስለሌለው እዚያ ላይ ተመራጭ ነው።

ወደ ሳምሰንግ ቲ7 ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ይህ ዕቃ 58 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ከደረት ኪስ የሚገባ የብረት ሳሕን ነው። በሰከንድ እስከ 1,050 ሜጋባይት ያነብባል፣ እስከ 1,000 ሜጋባይት ይጽፋል ይላል መግለጫው፤ እውነትም ነው፣ መሰኪያው ከፈቀደ። በጥምቀት ሰሞን ከፋሲል መዋኛ ዳር ሙሉ ቀን ሲቀርጽ የዋለ የፎቶ ቤት ባለሙያ 64 ጊጋባይት ቢኖረው፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ሊገለብጠው ይችላል። ያው ዲስክ ሰማያዊ አፍ ባለው የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ግን ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል፤ በዚያ መሰኪያ ላይ ቲ7 መጠቀም ከርካሽ ሃርድ ዲስክ ያን ያህል የተሻለ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ቲ7 ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የኮምፒዩተሩን መሰኪያ ይይ።

ቲ7 ከፋብሪካ ሲወጣ ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት፣ ኤክስፋት ነው። ይህ በዊንዶውስም በማክም እንዲከፈት ያስችለዋል፤ ነገር ግን ኤክስፋት የጀመረውን ለውጥ የሚመዘግብበት ማስታወሻ ስለማይይዝ፣ ፋይል እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ወይም ገመዱ ቢነቀል ፎልደሮች ሊበላሹ ይችላሉ። ዊንዶውስ ብቻ የሚጠቀም ቢሮ ገና ሳይሞላ ይህን ማስታወሻ ወደሚይዘው ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ቢያደርገው ይሻለዋል። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ ኤስኤስዲም ሆነ ፍላሽ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ የተሠራ አለመሆኑ ነው፤ በቺፑ ውስጥ ያለው ሙሌት ቀስ በቀስ ይፈስሳል። ጄዴክ የተባለው የቺፕ ኢንዱስትሪ ማኅበር መስፈርት የመጻፍ አቅሙን የጨረሰ የቤት ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ይጠይቃል፤ አዲስ ዕቃ ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ቢሆንም የሠርግ ቪዲዮዎችን ለአሥር ዓመት ሊያስቀምጥ ለሚፈልግ ፎቶ ቤት አሁንም የምመክረው ሃርድ ዲስክን ነው፣ ያውም ሁለት።

ቲ7 የይለፍ ቃልም አለው። መረጃውን በራሱ ቺፕ በኤኢኤስ 256 ይመሰጥረዋል፤ ቃሉ የሚገባው ግን ኮምፒዩተሩ ላይ በሚከፈት የሳምሰንግ ፕሮግራም ነው። ቲ7 ተች የሚባለው ወንድሙ በጣት አሻራም ይከፈታል። የራሱ ላፕቶፕ ላለው ሰው ይህ ይበቃል። በሰው ኮምፒዩተር ለሚሠራ ግን የይለፍ ቃሉን በማያውቀው ማሽን ቁልፎች ላይ መጻፍ ማለት ስለሆነ፣ ማሽኑ የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ቫይረስ ካለበት ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ምስጠራ ሲባል ምን እንደሆነ መነገር አለበት። ኤኢኤስ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የመንግሥት መስፈርት ሆኖ የጸደቀ፣ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት የምስጠራ ስልት ነው። በ256 ቢት ቁልፉ ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት ባለ78 አሃዝ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁልፉን በመገመት የሚከፍተው ኮምፒዩተር የለም። ሻጮች «ኤኢኤስ 256 ነው» ሲሉ ግን ገዢውን ብዙም አልረዱትም፤ ባለምስጠራ ዕቃዎች የተሰበሩት በዚህ ስልት ድክመት አልነበረምና። የተሰበሩት ቁልፉ በሚያዝበት መንገድ ነው።

ሁለት የታወቁ ምሳሌዎችን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ የጀርመኑ ሲስስ የተባለ የደኅንነት ድርጅት የኪንግስተን፣ የሳንዲስክና የቨርባቲም ምስጠራ ያላቸውን አንዳንድ ፍላሾች ሲመረምር፣ የይለፍ ቃሉን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ፍላሹ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ላይ የሚከፈተው ፕሮግራም መሆኑን አገኘ። ፕሮግራሙ ቃሉ ትክክል ነው ብሎ ሲያምን ወደ ፍላሹ የሚልከው የመክፈቻ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ያንን ትእዛዝ የሚልክ ሌላ ፕሮግራም የሠራ ሰው ቃሉን ሳያውቅ ፍላሹን ይከፍተዋል። ፍላሾቹ የአሜሪካ መንግሥት ለምስጠራ ዕቃዎች ያወጣውን የፊፕስ 140-2 ደረጃ 2 ማረጋገጫ የያዙ ነበሩ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ይፋ የሆነው የኔዘርላንዱ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ነው፤ የክሩሻል ኤምኤክስ100፣ 200 እና 300፣ የሳምሰንግ 840 ኢቮ፣ 850 ኢቮ፣ ቲ3 እና ቲ5 ኤስኤስዲዎች በውስጣቸው የሚያደርጉት ምስጠራ በተለያየ መንገድ ሊታለፍ እንደሚችል አሳዩ፤ ከእነርሱም በአንዳንዶቹ የተጠቃሚው የይለፍ ቃልና መረጃውን የሚከፍተው ቁልፍ በእውነት የተሳሰሩ አልነበሩም። የከፋው ደግሞ የዊንዶውስ ቢትሎከር እንዲህ ያለ ኤስኤስዲ ሲያገኝ የራሱን ምስጠራ ትቶ በዲስኩ ይተማመን የነበረ መሆኑ ነው። ማይክሮሶፍት ይህንን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ባወጣው ማሻሻያ ለወጠው። ቲ7 ከጥናቱ በኋላ የወጣ ስለሆነ በጥናቱ ውስጥ የለም፤ የእኔ ፍርድ ግን ከዚህ ታሪክ በኋላ የዲስኩ አምራች በማሸጊያው ላይ የጻፈውን ብቻ ይዞ የደንበኞችን መረጃ ማስቀመጥ አይገባም የሚል ነው። ቲ7ን ለፍጥነቱ እገዛዋለሁ፤ ምስጠራውን ግን በሶፍትዌር አደርጋለሁ።

ኪፓድ 200 እነዚህን ድክመቶች አስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። አይረንኪ የተባለውን የፍላሽ ሥራ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ2016 ኢሜሽን ከተባለ ኩባንያ ገዝቶ የራሱ አድርጎታል። ኪፓድ 200 ፊፕስ 140-3 ደረጃ 3 የተባለውን ማረጋገጫ የያዘ ሲሆን፣ ደረጃ 3 ከደረጃ 2 የሚለየው ዕቃውን ከፍቶ ቺፑን ለመንካት የሚሞክርን ሰው ለመከላከል በሚጠይቀው ጥበቃ ነው፤ የውስጡ ቺፖች ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ተሸፍነዋል። የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው፣ ተጠቃሚው ፍላሹን ገና ሳይሰካው ከ8 እስከ 15 አሃዝ ያለውን የሚስጥር ቁጥር ፍላሹ ላይ መትቶ ይከፍተዋል፤ ከዚያ ይሰካዋል። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን በፍጹም አያየውም። ፕሮግራም መጫንም የለም፤ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ፣ የዩኤስቢ ማከማቻ የሚቀበል ማንኛውም ማሽን እንደ ተራ ፍላሽ ያየዋል።

ቁጥሩ ስምንት አሃዝ ብቻ ቢሆን አያንስም ወይ የሚል ይኖራል። ስምንት አሃዝ መቶ ሚሊዮን አማራጭ አለው፤ ለኮምፒዩተር ይህ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሙከራውን የሚቆጥረው ፍላሹ ራሱ ነው፤ የአስተዳዳሪው ቁጥር 10 ጊዜ በተከታታይ ከተሳሳተ ፍላሹ ቁልፉን ያጠፋዋል፣ መረጃውም አብሮ ለዘለዓለም ይሄዳል። ይህ ለሌባ መጥፎ ዜና ነው፤ ለረሺ ባለቤትና ዕቃ መነካካት ለሚወድ ሕፃን ላለበት ቤትም እንዲሁ። ለቢሮ የሚጠቅመው ሁለት ቁጥር መያዙ ነው፦ አንዱ የአስተዳዳሪ፣ ሌላው የተጠቃሚ። የክሊኒኩ ባለቤት የአስተዳዳሪውን ቁጥር ይይዛል፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሠራተኛ የተጠቃሚውን። እርሷ ብትረሳው ወይም ሥራ ብትለቅ ባለቤቱ ፍላሹን ከፍቶ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ መረጃው አይነካም።

በጎንደር አኗኗር ከሁሉ የወደድኩለት ግን ማንበብ ብቻ የሚፈቅድበት ሁኔታው ነው። ኮፒ ቤት ገብቶ ፍላሹን ሰክቶ ሲወጣ ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት የተቀየረበትን ሰው የማያውቅ የለም። ኪፓድ 200 ለማንበብ ብቻ ሆኖ ከተከፈተ ቫይረሱ ሊጽፍበት አይችልም፤ የፈለጉትን አሳትመው ሲነቅሉት እንደ ገባ ይወጣል። ይህም ሆኖ ወሰኑ መታወቅ አለበት፦ ፍላሹ ከተከፈተ በኋላ ኮምፒዩተሩ ውስጡን ያነብባል፣ ሊቀዳም ይችላል። ስለዚህ የታካሚዎች ዝርዝርና የሚታተመው የማመልከቻ ደብዳቤ በአንድ ፍላሽ ላይ መሆን የለባቸውም፤ ስንት ማረጋገጫ ቢኖረው።

ዋጋው ከባድ ነው። አነስተኛ መጠን ያለው ኪፓድ 200 ብዙ እጥፍ መጠን ካለው ተራ ፍላሽ በእጅጉ ይወደዳል፣ ፍጥነቱም ከቲ7 ጋር አይወዳደርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በአንድ ቦታ ስለማይቆም በብር መጻፉ አንባቢን ከማሳሳት ያለፈ ፋይዳ የለውም። በጎንደር መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ የሚገኝ ዕቃም አይደለም፤ አዲስ አበባ አስፈልጎ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ነግሮ ማስመጣት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ቢትሎከር ቱ ጎ የሚታሰበው። ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ኮምፒዩተር ማንኛውንም ተራ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ በእርሱ መመስጠር ይችላል፤ የዊንዶውስ ሆም ኮምፒዩተር ራሱ መመስጠር ባይችልም የተመሰጠረውን በይለፍ ቃል ይከፍታል። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ፕሮ ኮምፒዩተር ይበቃል። ከኪፓዱ የሚለየው ዋና ነገር ሙከራ የሚቆጥር አካል የሌለው መሆኑ ነው፤ ፍላሹን ያገኘ ሰው ይዘቱን ቀድቶ በራሱ ኮምፒዩተር የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊሞክር ስለሚችል፣ የስልክ ቁጥር ወይም የልጅ ስምና የልደት ዓመት እዚህ አይሠራም። አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አስከትሎ መጻፍ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ነው። ሲመሰጠር የሚሰጠው ባለ48 አሃዝ የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ደግሞ ታትሞ ከፍላሹ ተለይቶ ካዝና ውስጥ መቀመጥ አለበት። በዚያው ኮምፒዩተር ዴስክቶፕ ላይ በጽሑፍ ፋይል ተቀምጦ ያየሁባቸው ቢሮዎች አሉ።

ቬራክሪፕት ከማንኛውም የዊንዶውስ ዓይነት፣ ከማክና ከሊኑክስ ጋር ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋረጠው ትሩክሪፕት የተባለ የምስጠራ ፕሮግራም ተተኪ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ችግሩ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ለመክፈት የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቁ ነው። ለቴክኒክ ሰው ጥሩ ነው፤ ለጸሐፊ አልሰጠውም።

በሶፍትዌር ለሚመሰጥር ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ዕቃው ገና አዲስ ሳለ፣ ምንም ሳይጻፍበት ይመስጠር። ኤስኤስዲና ፍላሽ አንድን ፋይል ሲያድሱ በአሮጌው ላይ አይጽፉም፤ አዲሱን ሌላ ክፍል ላይ ጽፈው አሮጌውን ለጊዜው ይተዉታል። ስለዚህ ሞልቶ የኖረ ዲስክ ዘግይቶ ቢመሰጠር ያልተመሰጠሩ አሮጌ ቅጂዎች በተጠባባቂ ክፍሎች ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። አሮጌ ፍላሽም «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ተብሎ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ገዢው የቀድሞውን ባለቤት ፎቶ ያወጣል፤ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ፋይሎቹን አያጠፋምና።

ጉዳዩ የግል ጥንቃቄ ብቻም አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም የመጠበቅ ግዴታ በሕግ አለበት፤ የጤና መረጃም የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ውስጥ ነው። ጎንደር የሕክምና ትምህርት ከተማ ናት፤ ከዳባትና ከአካባቢው ወረዳዎች የጤና መረጃ የሚሰበሰብባት ናት። በመስክ መረጃ ለሚሰበስቡ የምርምር ቡድኖች ኪፓዱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። መረጃው የእነርሱ ሳይሆን የሰው ነው፤ የሚጓጓዘውም በሕዝብ ማመላለሻ ነው።

ገበያውን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። «2 ቴራባይት» ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ፍላሾች የውስጥ ቺፓቸው ትንሽ ሆኖ ለኮምፒዩተሩ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የተደረጉ ናቸው፤ እውነተኛ አቅማቸው ካለቀ በኋላ የሚጻፈው በቀድሞው ላይ ይደረባል ወይም ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ኮምፒዩተሩ ግን «ተገልብጧል» ይላል። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ይህንን ያጋልጣል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ሻጩም ፊቱ ይጠቁር ይሆናል፣ ቢሆንም የመመለስ ስምምነት ሳይጻፍ እንዲህ ያለ ዕቃ አይገዛ። ውስጣዊ ኤስኤስዲ ሲሆን ደግሞ ክሪስታልዲስክኢንፎ ዕቃው ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ምን ያህል እንደ ተጻፈበት ያሳያል፤ «አዲስ» የተባለው ዲስክ ሺህ ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም።

እንግዲህ ለተማሪና ለቤት ኤ400 እና አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ለመጠባበቂያ ቅጂ ይበቃሉ። ፎቶ ቤት 870 ኢቮ ከውስጥ፣ ቲ7 ለመስክ፣ ሃርድ ዲስክ ለማኅደር ይያዝ፤ ምስጠራ ከሌለውም ብዙ አይጎዳም። ለሒሳብ ባለሙያና ለጠበቃ ቢትሎከር ቱ ጎ የተደረገባቸው ሁለት ተራ ፍላሾች፣ አንዱ ቢሮ አንዱ ቤት ተቀምጠው፣ ከአንድ ውድ ኪፓድ ይሻሏቸዋል፤ ኪፓዱ ቢጠፋ ሌባው ባያነብበውም ባለቤቱም አያነብበውምና። ክሊኒክና የምርምር ቡድን ኪፓድ 200ን ይግዙ፣ የአስተዳዳሪውንም ቁጥር ዕቃው በተገዛበት ቀን ሳያዘገዩ ያስቀምጡ፤ መረጃ ከገባበት በኋላ የተጠቃሚው ቁጥር ብቻ ኖሮ እርሱም ቢረሳ የሚያስከፍት ሰው በጎንደርም በአዲስ አበባም የለም፣ አምራቹም አይከፍተውም።